«እማዬ ኬሞውን ትታ ሱባኤ ልግባ ትላለች፤ ላስገድዳት ወይስ ልተዋት?»

ጤና ይስጥልኝ። የ29 ዓመት ሴት ነኝ፤ አዲስ አበባ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኝነት ተቀጥሬ በኪራይ ቤት እኖራለሁ። እናቴ 54 ዓመቷ ነው። ጥር ላይ ጡቷ ውስጥ እብጠት እንዳለ ስትነግረኝ ከደብረ ማርቆስ አካባቢ አመጣኋትና ሲመረመር ካንሰር ሆኖ ተገኘ። ኦፕራሲዮን ተደረገላት፤ ቀጥሎ ስምንት ዙር ኬሞ ታዘዘላት። እስካሁን አራቱን ወስዳለች፣ አራቱም ያ ቀዩ መድኃኒት ያለበት ነው። ከአምስተኛው ጀምሮ መድኃኒቱ ይቀየራል ተብለናል።

ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ሦስት አራት ቀን ያስመልሳታል፤ ውሃ እንኳን አይረጋላትም። አፏ ውስጡ ይቆስላል፣ እንጀራ ሲነካት እንባዋ ይመጣል። ፀጉሯ ካለቀ ወዲህ ከሰው ፊት አትቀርብም። አራተኛውን በወሰደች በአሥረኛው ቀን ሌሊት ደግሞ ሰውነቷ እንደ እሳት ጋለ፣ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ሁለት ፓራሲታሞል ሰጥቼ «ሲነጋ እንሄዳለን» ብዬ አስተኛኋት። ሲነጋ ሰው መለየት ተስኗት ነበር። ድንገተኛ ክፍል ሳደርሳት ነጭ የደም ሴሏ አልቋል ተባለ፤ ሳምንት ሙሉ ተኝታ በደም ሥር መድኃኒት ተሰጣት። አሁን ወጥታለች፣ ደህና ናት። እኔ ግን ያ ሌሊት ከዓይኔ አይጠፋም።

አሁን «በቃኝ፤ ያንን መርፌ ሁለተኛ አልነካም። ፍልሰታን ሱባኤ ገብቼ ጸበሌን እጠመቃለሁ፣ እሱ ያውቃል» ትላለች። የአምስተኛው ዙር ቀጠሮ ነሐሴ 3 ነው። ወንድሜ የሚኖረው ዋሽንግተን ነው፤ ገንዘብ ይልካል፣ በስልክ ደግሞ «አስገድደሽ ውሰጃት» ይለኛል። ካንሰር መሆኑንም እንዳልነግራት አስምሎኛል፤ እስካሁን «እጢ ነው» እያልናት ነው። ላስገድዳት? ወይስ ፈቃዷን ላክብር? አቋርጣ ብትሞትብኝ ራሴን ይቅር አልልም፤ አስገድጃት በመድኃኒቱ ብትሞትብኝም እንደዚያው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መሐል ላይ ያለሁት ልጅ

ውድ እህቴ፣

እናትሽን እንኳን እግዚአብሔር ማረልሽ። ከዚያ ሌሊት ተርፈው ዛሬ «አልወስድም» ብለው ሊከራከሩሽ መቻላቸው ቀላል ነገር አይደለም።

ማስገደድና መተው ያልሻቸውን ሁለቱንም ለጥቂት ቀን እናቆያቸው። ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት፤ እናትሽ መዳን አልፈልግም ያሉበት አንድም መስመር አላገኘሁም። ያስመረራቸው ማስመለሱ፣ የአፋቸው ቁስልና ያ ትኩሳት ነው። እነዚህ ሕክምናው ያመጣቸው ቢሆኑም ለየራሳቸው መድኃኒት አላቸው። በካንሰር ሕሙማን ክፍል በነርስነት ስሠራ ኬሞውን አቋርጠው የቀሩ ብዙ እናቶችን አውቃለሁ፤ አብዛኞቹ ቤታቸው ከገቡ በኋላ የሚደርስባቸውን ለሐኪሙ ተናግረው አያውቁም ነበር። ተራው ረጅም ነው፣ ሐኪሙ ይቸኩላል። «እንዴት ሰነበቱ?» ሲላቸው «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉታል፣ እሱም ያንኑ ትእዛዝ ደግሞ ይጽፋል። እናንተስ? በእነዚህ አራት ዙሮች ውስጥ «ሦስት ቀን ሙሉ ውሃ አልረጋላትም» ብለሽ ለሐኪሙ የነገርሽበት ቀን አለ? ልወቅስሽ ብዬ አልጠየቅኩም። መልስሽ «የለም» ከሆነ ገና ያልተሞከረ ብዙ ነገር አለ ማለት ነው። ስለዚህ የኔ ሐሳብ፣ ስለ መቀጠልና ስለ ማቆም ከመወሰናችሁ በፊት መጀመሪያ ስቃዩ ይታከም የሚል ነው። ሰው ሕመሙ ሳይታገስለት የወሰነውን ነገር ሲሻለው ሊያስበው ከሚችለው ጋር ማወዳደር አለበት።

ዛሬ ማታ እናትሽን አንድ ነገር ጠይቂያቸው፦ «እማዬ፣ ከሁሉም የከበደሽ የቱ ነው?» በይና ዝም ብለሽ ስሚ። ምናልባት አንቺ የምትጠብቂው ማስመለሱን ይሆናል፤ እሳቸው ግን «ሌሊት ሽንት ቤት ስታመላልሺኝ እያየሁሽ፣ ነገ ሥራ አለብሽ» ሊሉሽ ይችላሉ። ያሉትን ሁሉ ደብተር ላይ ጻፊው።

ከደብዳቤሽ አንድ ነገር ደግሞ ሳላነሳው አላልፍም። ያ ቀዩ መድኃኒት ዶክሶሩቢሲን ይባላል። ሽንት የሚያቀላው፣ ፀጉር የሚያረግፈው፣ ክፉኛ የሚያስመልሰው በዋናነት እሱ ነው። ለጡት ካንሰር በተለመደው አንዱ አሰጣጥ አራት ዙር እሱ ሳይክሎፎስፋሚድ ከሚባለው ጋር ይሰጥና ከዚያ ፓክሊታክሰል ይተካዋል። ከአምስተኛው ጀምሮ ይቀየራል መባሉ ከዚህ ጋር ይገጥማል። እንደዚያ ከሆነ እናትሽ የሚፈሩት መድኃኒት አልቋል! ፓክሊታክሰልም የራሱ ጣጣ አለው፦ ከተሰጠ በኋላ ለጥቂት ቀናት ጡንቻና መገጣጠሚያ ይቆረጥማል፣ የእጅና የእግር ጣት ያደነዝዛል፣ ነጭ የደም ሴልንም ይቀንሳል። ማስመለሱ ግን ከቀዩ ጋር አይወዳደርም። ያ ቀይ ፈሳሽ በስሪንጅ ተሞልቶ ሲመጣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ የሚያዞሩ፣ ገና የሆስፒታሉን ግቢ ሲረግጡ የሚያስመልሳቸው ሴቶች አይቻለሁ። ይህ ያለፈውን ስቃይ ሰውነት ሲያስታውስ የሚመጣ የታወቀ ችግር ነው፤ ለሱም ከቀጠሮው በፊት የሚዋጥ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሊታዘዝ ይችላል። እናትሽ «ያንን መርፌ» ሲሉ የሚታያቸው ቀዩ ስሪንጅ ከሆነ፣ እንደማይመለስ ማወቅ መብታቸው ነው። የአምስተኛው ዙር መድኃኒት የትኛው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቀሽ አረጋግጪ፤ ራሱ ለእሳቸው ቢነግራቸው ደግሞ ይመረጣል።

አሁን ወደዚያ ሌሊት ልምጣ፣ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ ነውና።

ኬሞ የካንሰሩን ሴል ሲገድል ቶሎ ቶሎ የሚባዙ ጤነኛ ሴሎችንም ይጎዳል፤ መቅኒ ውስጥ የሚሠራው ነጭ የደም ሴል አንዱ ነው። ቁጥሩ በጣም የሚወርደው ብዙውን ጊዜ ኬሞው ከተሰጠ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እናትሽ በ10ኛው ቀን ነው የታመሙት። በእነዚያ ቀናት የሚመጣ ትኩሳት ከሌላ ጊዜው ይለያል፤ የሚከላከል ሴል ስለሌለ ቁስል መግል ላይቋጥር፣ የታመመው ቦታ ላያብጥ፣ ሳል እንኳን ላይኖር ይችላል። ከትኩሳቱ ሌላ ምንም ምልክት ላይታይ ይችላል። ፓራሲታሞል ያንን ምልክት ይደብቀዋል፣ ኢንፌክሽኑ ግን ውስጥ ውስጡን ይሄዳል። አዎ፣ በዚያ ሌሊት ሰዓቱ ዋጋ ነበረው፤ የለም ብዬ አልዋሽሽም። ግን ማንም ያልነገረሽን ከየት ታውቂዋለሽ? ለትኩሳት ፓራሲታሞል መስጠት ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው ነው። አንቺ ባለሽ እውቀት አስታመምሽ፣ ሲነጋም ይዘሻቸው ሮጥሽ፣ ተረፉ። እውቀቱን መስጠት የነበረበት የሕክምና ክፍሉ ነበር።

ለወደፊቱ ግን እንዲህ አድርጊ። ከፋርማሲ ዲጂታል ቴርሞሜትር ግዢ። በብብት ለኪ፤ በፊንጢጣ በጭራሽ አይለካም፣ በዚያ በኩል የሚገባ መድኃኒትም አይሰጥም፣ በቀላሉ ይቆስላልና። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ካነበብሽ፣ ወይም ቴርሞሜትሩ ምንም ቢል ካንቀጠቀጣቸው፣ ግራ ከተጋቡ፣ ትንፋሽ ካጠራቸው ሰዓቱን አትዪ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትም ቢሆን ውጡ። ሐኪም ሳያያቸው ፓራሲታሞል አትስጪ። የኬሞ ካርዳቸውን፣ የመጨረሻውን የደም ውጤት፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝር፣ የጤና መድኅን መታወቂያ ካላቸው እሱን፣ ትንሽ ገንዘብና ጋቢ በአንድ ቦርሳ ውስጥ አድርገሽ በሩ አጠገብ አንጠልጥዪው። ሌሊት ስልክ የሚያነሳ ሾፌር ከአሁኑ አነጋግሪ፤ ካልሆነም የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ድንገተኛ ክፍል እንደደረሳችሁ «አሟታል» ብለሽ እንዳትጀምሪ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርሽ «ኬሞ ከወሰደች አሥረኛ ቀኗ ነው፣ ትኩሳቷ 38.5 ነው» ይሁን። እንዲህ ዓይነት ታማሚ በደረሰ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንቲባዮቲክ በደም ሥር መጀመር አለበት፤ ከሚያስሉ ሰዎች መሐል ወረፋ መጠበቅም የለበትም። ካልሰሙሽ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ። ለእናት ሲሆን ነውር የለውም።

የመውጫ ወረቀታቸውን ለኬሞ ሐኪሙ ማሳየት አትርሺ፤ ተኝተው የታከሙበት ክፍልና ኬሞ የሚሰጥበት ክፍል አንዳንዴ አይነጋገሩም። ሐኪሙ ይህን ካወቀ ቀጣዩን ዙር ሊያዘገይ፣ መጠኑን ሊቀንስ፣ ወይም ከኬሞው ማግስት ጀምሮ ነጭ የደም ሴልን የሚያነሳ ፊልግራስቲም የሚባል መርፌ ሊያዝ ይችላል። ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም። ዋሽንግተን ያለው ወንድምሽ ሊረዳ የሚፈልግ ከሆነ ግን ገንዘቡ የሚሠራው እዚህ ነው።

የማስመለሱ ነገር ከሁሉም የበለጠ የሚያበሳጨኝ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ መቆጣጠር ይቻላል። ብዙ ሰው «ሲያስመልሰኝ እውጠዋለሁ» ብሎ ክኒኑን ያስቀምጠዋል፤ ያኔ የተዋጠው አብሮ ይወጣል። ማስመለስን የሚከላከለው መድኃኒት ኬሞው ከመጀመሩ በፊት ተሰጥቶ፣ ከዚያ ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት ለሁለት ለሦስት ቀን ያለማቋረጥ ይዋጣል፤ ደህና ነኝ ቢሉም። ኦንዳንሴትሮንና ዴክሳሜታዞን ብቻ ተሰጥቷቸው ካልበቃ፣ «አልበቃም» ብለሽ ንገሪው፤ ሌላ ይጨመራል። ከሚጨመሩት አንዱ ኦላንዛፒን ነው። ፋርማሲስቱ የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነው ቢላችሁ እንዳትደነግጡ፤ በትንሽ መጠን ማታ ሲዋጥ ከኬሞ በኋላ ያለውን ማቅለሽለሽ በደንብ ይይዛል። እንቅልፍ ስለሚጥል ሌሊት ሲነሱ ብቻቸውን አትተያቸው። ኦንዳንሴትሮን ደግሞ ሆድ ያደርቃል፤ ተልባና ውሃ ካልረዳ የሚያለሰልስ መድኃኒት ጠይቂ። አንድ ቀን ሙሉ ምንም ካልረጋላቸው ወይም ሽንታቸው ጠቁሮ ካነሰ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ውሰጃቸው፤ ፈሳሽ በደም ሥር ሊያስፈልጋቸው ይችላል።

የኪራይ ቤት እንደመሆኑ ማብሰያውና መኝታው አንድ ክፍል ሳይሆን አይቀርም። ሽንኩርት ሲቁላላ የሚወጣው ሽታ፣ ቡናው ሲቆላ፣ ዕጣኑ፣ ለጤነኛ ሰው ደስ የሚለው ሁሉ ለእሳቸው ሆድ የሚያገለብጥ ሊሆን ይችላል። በእነዚያ ሦስት ቀናት ጎረቤት አብስለሽ አምጪ፣ ወይም እሳቸው ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ አብስዪ። ትኩስ ምግብ ይሸታል፤ ለብ ያለ አጥሚት፣ የቀዘቀዘ ቡላ በማንኪያ በማንኪያ ይሻላል። አንድ ሙሉ ሳህን አቅርበሽ «በሞቴ» እያልሽ አታስጨንቂያቸው፤ ጉርሻው ፍቅር ቢሆንም ያስመልሳቸዋል። በየሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ብቻ።

ለአፋቸው ቁስል፦ አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በጥብጠሽ፣ ከምግብ በኋላና ከመኝታ በፊት ይጉመጥመጡና ይትፉት። በየቀኑ አዲስ አዘጋጂ። መፋቂያውን ለጊዜው ያቆዩት፤ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ይሁን። በርበሬ፣ ሎሚና ቲማቲም ይቅሩ፤ የድንች አልጫ ፈጭተሽ፣ ሽሮውን አልጫ አድርገሽ፣ እንጀራውን በመረቅ አርሰሽ ስጪ። ነጭ ነጭ ሽፋን ካየሽ ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ ኒስታቲን የሚባል መድኃኒት አለው። ምራቅ መዋጥ ካቃታቸው ደግሞ ሐኪም ይያቸው፤ ለሕመሙ ጠንከር ያለ ማስታገሻ መጠየቅ ይቻላል። በነገራችን ላይ ሞርፊን ቢታዘዝላቸው «ሞት ደርሷል ማለት ነው» ብላችሁ አትሸበሩ፤ ለከባድ ሕመም በሐኪም ክትትል የሚሰጥ መድኃኒት ነው።

አሁን ወደ ሱባኤው። ይህን ስጽፍ እጠነቀቃለሁ፣ ምክንያቱም እናትሽን በእነዚህ ወራት ያቆማቸው እምነታቸው ይመስለኛል። ከሳቸው ላይ እሱን መንጠቅ ሌላ ሕመም መጨመር ነው። ኤችአይቪ አገር ባስጨነቀበት ዘመን ጸበል የሚጠመቅ ሰው ኪኒን አይውጥ የሚል ነገር ተነስቶ ብዙ ሰው መድኃኒቱን ጥሎ ነበር። ያኔ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉና መድኃኒቱ እንደማይጣሉ፣ አብረው መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናግረዋል። ለእናትሽ ይህን ከአንቺ ይልቅ የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ክብደት አለው። ስለዚህ ከፍልሰታ በፊት የንስሐ አባታቸውን ደውለሽ ወይም ሄደሽ አነጋግሪያቸው፤ ሕመሙን፣ ያንን ሌሊት፣ ቀጠሮው ነሐሴ 3 መሆኑን ሳትደብቂ ንገሪያቸው። ለታመመ ሰው ጾም እንደሚቃለል እሳቸው ያውቁታል።

የጾም ምግቡ ራሱ ብዙ አያሳስበኝም። ሽሮ፣ ምስር፣ ሱፍ፣ ኦቾሎኒ፣ ተልባ፣ በሶ ጥሩ ምግቦች ናቸው። የሚያሳስበኝ እስከ ቅዳሴ መውጫ ያለ ምግብና ያለ ውሃ መዋሉ ነው፤ ከማስመለስ የተረፈ ሰውነት ያንን አይችልም። ጸበሉም ቢሆን ጊዜውን እዪው። ነሐሴ ክረምት ነው፤ ምንጩ ጎርፍ ይገባበታል፣ ያልፈላ ውሃ በብዛት መጠጣት ነጭ ሴሉ ለወረደበት ሰው ከባድ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል። ሌሊት በብርድ መጠመቅ፣ በሱባኤ ቤት ብዙ ሆኖ ተጠጋግቶ ማደር፣ ከሆስፒታል መራቅ፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲሆን እፈራለሁ። መካከለኛ መንገድ ግን አለ። ሱባኤውን አዲስ አበባ፣ ቤታችሁ አጠገብ ባለው ደብር ይያዙት። ኬሞ ከወሰዱ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ባሉት ቀናት ቤት ሆነው ይጸልዩ፣ ቄሱ ቤት መጥተው ይጸልዩላቸው፣ እምነት ይቀቡ። ቀጣዩ ዙር ሊደርስ ሲል፣ የደም ምርመራው ነጭ ሴሉ መመለሱን ሲያሳይ፣ ሐኪሙን ጠይቃችሁ ጸበሉን በመረጨት ያግኙት። ካህኑም እንዴት መሆን እንዳለበት ይንገሯችሁ። እናትሽን «ወይ ኬሞ ወይ ጸበል» ብሎ ያፋጠጣቸው ማን ነው? ምናልባት ማንም የለም፤ እናንተ ስትከራከሩ እንደዚያ የመሰለ ነው።

ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ሽፈራው፣ ሰው የሚያመጣላችሁ ሥር ሁሉ ካለ ግን ለሐኪሙ ሳትናገሪ አትስጪ፤ አንዳንዱ ከኬሞው ጋር ተደርቦ ጉበት ሊጎዳ ይችላል። ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተትና በደንብ ያልበሰለ እንቁላል ደግሞ ሕክምናው እስኪያልቅ ይቅር።

ስለ «እጢው» ልናገር። ወንድምሽ ክፉ አስቦ እንዳልሆነ ይገባኛል፤ በአገራችን ክፉ ወሬ ለታማሚው ሳይሆን ለቤተሰቡ ነው የሚነገረው፣ ከሩቅ ሆኖ ሲፈሩ ደግሞ ይብሳል። ግን ነገሩን በእናትሽ በኩል እዪው። «እጢ ነው» ተብለዋል፣ እጢው በኦፕራሲዮን ወጥቷል። ታዲያ ይህ ሁሉ ስቃይ ለምን? በእሳቸው ቦታ ብሆን እኔም እምቢ እላለሁ። የተደበቀባቸው እውነት ነው መድኃኒቱን ትርጉም ያሳጣባቸው። ደግሞስ የማያውቁ ይመስልሻል? አራት ጊዜ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተቀምጠው ታክመዋል፣ ሴቶቹ ያወራሉ። ምናልባት እናንተን ላለማስደንገጥ ዝም ብለው ይሆናል።

መሐላውን አፍርሺ አልልሽም። ለወንድምሽ ደውዪና «ማልኩልህ፣ ግን ምን እንደሆነ ሳታውቅ እሺ እንድትል ልጠይቃት አልችልም፤ መሐላዬን አንሣልኝ» በዪው። ካልሆነም ሐኪሙ ይጠይቃቸው፦ «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ለእርስዎ ልንገር ወይስ ለልጅዎ?» ማወቅ ካልፈለጉ እሱም መልስ ነው፣ ይከበራል። ከፈለጉ ደግሞ ቀሪዎቹ ዙሮች ለምን እንደታዘዙ፣ ኦፕራሲዮኑ ያላገኘው በሰውነት ውስጥ የቀረ የካንሰር ሴል ካለ እሱን ለማጥፋት መሆኑን በቀላል አማርኛ ይስሙ። ወንድምሽ «አስገድደሽ ውሰጃት» ከማለት፣ በቪዲዮ ደውሎ ለእናቱ «ምን ልርዳሽ?» ይበላቸው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ፣ ስቃዩ ታክሞ፣ እውነቱ ተነግሮ፣ እናትሽ አሁንም «አልወስድም» ቢሉስ? ያኔ ሐኪሙን በፊታቸው ጠይቂ፦ ሕክምናው የታሰበው ለማዳን ነው? የቀሩት አራት ዙሮች ምን ይጨምራሉ? ጥቂት ሳምንት ቢዘገይ ምን ይጎዳል? መልሱን ሰምተው ከወሰኑ ሙሉ ሰው ናቸው፣ ገላቸውም የራሳቸው ነው። ጎትቶ መውሰድ አይቻልም፣ አያምርምም። ኬሞ ቆመ ማለት ግን ክትትልና እንክብካቤ ቆመ ማለት አይደለም። ሌሎች ሕክምናዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ሕመምና ስቃይን የሚያስታግሰው ሕክምና ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከኬሞ ጋር ጎን ለጎን ሊሰጥ የሚችል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ ታማሚዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ይረዳል። በካንሰር ልጃቸውን ያጡ ወላጆች የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም ለካንሰር ታማሚዎች ድጋፍ ያደርጋል። ሁለቱንም ደውለሽ ጠይቂ፤ ብቻሽን የተሸከምሽውን የሚካፈል ሰው ታገኛለሽ።

ስለ ራስሽ አንድም መስመር አልጻፍሽም። መቼ ነው ሌሊቱን ሙሉ የተኛሽው? ከኬሞው በኋላ ያሉትን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሌሊቶችና ከ7 እስከ 14 ያሉትን ቀናት ቀን መቁጠሪያ ላይ አክብቢያቸው፤ አገር ቤት ካሉት ዘመዶች አንዷ፣ አክስትም ትሁን የአክስት ልጅ፣ በእነዚያ ቀናት መጥታ ታግዝሽ። ከመሥሪያ ቤትሽም ለእነዚያ ቀናት ብቻ ፈቃድ ጠይቂ፤ ቀኖቹ አስቀድመው ስለሚታወቁ ለአለቃሽም ይቀላል። «ብትሞትብኝ» ብለሽ የጻፍሽውን ደግሞ ለአንድ የምታምኚው ሰው አፍ አውጥተሽ ንገሪው፤ ብቻሽን አትያዢው።

እስከ ነሐሴ 3 አትጠብቂ። በዚህ ሳምንት፣ ፍልሰታ ሳይገባ፣ እናትሽን ይዘሽ ወደ ኬሞ ክፍሉ ሂጂ፤ ኬሞ ለመውሰድ እንዳልሆነ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፣ ለመነጋገር ብቻ ነው። ደብተሩን፣ የመውጫ ወረቀቱንና ያላለቁትን የክኒን ፓኬቶች ይዘሽ ግቢ። ሐኪሙ «እንዴት ሰነበቱ?» ሲል እናትሽ «እግዚአብሔር ይመስገን» ይበሉ፣ ከዚያ ቀጥለሽ አንቺ ደብተሩን አንብቢለት። ለማስመለሱ ምን እንደቀየረ፣ ስለ ፊልግራስቲም መርፌው ምን እንዳለ፣ የንስሐ አባታቸውም ምን እንደመለሱ ጻፊልኝ፤ ከዚያ ተነስተን እንቀጥላለን።